በሽታን የሚያፍን አፈር፦ የስንዴ ሥር ጠባቂዎች ታሪክ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለገበሬዎች ማሠልጠኛ የሚውል አንድ አነስተኛ መጽሐፍ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የመመለስ ሥራ ተሰጥቶኝ ነበር። መጽሐፉ ስለ አፈር ለምነት የሚናገር ሲሆን፣ ከምዕራፎቹ በአንዱ ውስጥ በእህል ሥር ዙሪያ እየኖሩ ተክሉን ከበሽታ ስለሚጠብቁ ባክቴሪያዎች የሚያወሳ ክፍል ነበረው። እኔም ባዕድ ቃል ላለማብዛት ስል «ጠቃሚ ተውሳክ» ብዬ ተረጎምኩት። ረቂቁን እንዲያዩልኝ የሰጠኋቸው፣ ዕድሜያቸውን በእርሻ ያሳለፉ አንድ አባት ከቃሉ ሥር በእስክሪብቶ አስምረው፣ «ልጄ፣ ተውሳክ ከመቼ ወዲህ ነው የሚጠቅመው?» ሲሉ ጠየቁኝ። እውነታቸውን ነበር። ተውሳክ በአማርኛችን የሚጎዳ፣ የሚያሳምም ነገር ነው። ቃሉን ሰርዤ «ባክቴሪያ» አልኩ። ጥያቄያቸው ግን ከቃል ምርጫ አልፎ አብሮኝ ቆየ። በዓይን የማይታይ ፍጡር እህልን ሊጠብቅ እንደሚችል የሰው ልጅ ከመቼ ጀምሮ አወቀ? እንዴትስ አወቀ? ይህ ጽሑፍ ያንን ስፈልግ ያነበብኩት ነው። በውስጡ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን ከደቡብ አውስትራሊያ መጀመር ይቻላል። በ1850ዎቹ ከአውሮፓ ተሻግረው በዚያ የሰፈሩ ገበሬዎች አዲስ መሬት አቅንተው ስንዴ ሲዘሩ፣ አዝመራው ሊያሽት ሲቃረብ በማሳው መካከል መካከል ክብ ክብ እየሠራ ይደርቅባቸው ጀመር። ዛላው ያለጊዜው ነጥቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሲያሹት ግን ወይ ባዶ ነው፣ ወይ የጨነገፈ ፍሬ ነው ያለው። ተክሉን ነቅለው ሲያዩት ሥሩ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ሰፋሪዎቹ በሽታውን «ቴክ ኦል» አሉት፤ ሁሉን ውሰድ እንደ ማለት ነው። በአማርኛ ምን ልበለው ብዬ ብዙ አስቤአለሁ። «ጠራርጎ» የሚለው የሚቀርበው ስለመሰለኝ በዚህ ጽሑፍ እንዲሁ እጠራዋለሁ።

የጠራርጎ መንስኤ ፈንገስ ነው። ሊቃውንቱ ለረጅም ዘመን ኦፊዮቦለስ ግራሚኒስ ሲሉት ቆይተው፣ በ1952 በአንድ ስዊዘርላንዳዊ የፈንገስ ሊቅ ስም ጌውማኖሚሴስ አሰኙት፤ ተርጓሚን ለማስጨነቅ የወጣ ስም ይመስላል። ፈንገሱ ከአንዱ ዓመት ወደሚቀጥለው የሚሻገረው በአፈር ውስጥ በቀረው የስንዴ ሥርና አገዳ ላይ ተቀምጦ ነው። አዲሱ የስንዴ ሥር እያደገ ሲሄድ ያንን ቅሪት ሲነካው ፈንገሱ ወደ ሥሩ ይሻገራል፤ ውሃ የሚያስተላልፈውን የውስጥ ቧንቧ ይዘጋል፤ ተክሉም በእርጥብ አፈር ላይ ቆሞ በጥም ይሞታል። አጃ ሥሩ ውስጥ ፈንገሱን የሚገታ ንጥረ ነገር ስላለው ይህን በሽታ ይቋቋማል። ጠራርጎን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚቋቋም የስንዴ ዝርያ ግን ለገበሬ አልደረሰም። ለዚህ ነው ጥንታዊው መድኃኒት ሰብል ማፈራረቅ የሆነው፤ ፈንገሱ ለአንድ ዓመት ያህል ስንዴና ገብስ ካጣ እየሳሳ ይሄዳልና።

አንባቢ ይህን በሽታ ከዋግ ጋር እንዳያምታታው እሰጋለሁ። በእኛ አካባቢ ስለ ስንዴ በሽታ ሲነሣ ወዲያው ትዝ የሚለን ዋግና አረማሞ ነው፤ ቃላቱ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጀምሮ አብረው ስለሚጠሩ ማንም ያውቃቸዋል። በ1998 በዩጋንዳ የታየውና «ዩጂ 99» የሚል ስም የወጣለት የግንድ ዋግ በ2001 ኬንያ፣ በ2003 ደግሞ ኢትዮጵያ ደርሷል። በ2005 እዚሁ ናይሮቢ ላይ ኖርማን ቦርሎግን የመሰሉ ሊቃውንት ተሰብስበው ዓለምን ያስጠነቀቁት ስለ እሱ ነበር። ዋግ በነፋስ ተጭኖ አገር የሚያቋርጥ፣ ቅጠልና አገዳ ላይ የሚያርፍ ነው፤ መከላከያውም በዋናነት የሚቋቋም ዝርያ ነው። ጠራርጎ ግን ከአፈር አይወጣም። ገበሬው የሚገጥመው ከገዛ ማሳው ጋር ነው።

እንግዲህ እንቆቅልሹ እዚህ ላይ ነው። ስንዴን በስንዴ ላይ መዝራት በሽታውን የሚያባብስ ከሆነ፣ ሠላሳና ሃምሳ ዓመት ያለማቋረጥ ስንዴ የተዘራበት መሬት ባዶ መሆን ነበረበት። አልሆነም። በእንግሊዝ አገር በሮታምስቴድ የምርምር ጣቢያ ብሮድባልክ የሚባል ማሳ አለ። ከ1843 ጀምሮ ስንዴ ሲዘራበት የኖረ ነው። በዚህ ማሳ ስንዴ ሳይቋረጥ በሚዘራበት ክፍል ላይ የሚታየው ጠራርጎ፣ ከሌላ ሰብል በኋላ ስንዴ ለሁለተኛ፣ ለሦስተኛና ለአራተኛ ጊዜ በተደጋገመበት መሬት ላይ ከሚታየው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የጣቢያው ተመራማሪ ሜሪ ግሊንም በ1930ዎቹ አጋማሽ በዎበርን የሙከራ ማሳዎች በሽታው ከፍ ብሎ ከቆየ በኋላ እንደሚቀንስ አስተውላ ጽፋለች። ሂደቱ በኋላ በብዙ አገሮች ተደጋግሞ ታይቷል። በመጀመሪያው ዓመት ስንዴው ደህና ነው። ከሁለተኛው ዓመት አንሥቶ በሽታው እየከፋ ይሄድና ሁለት ሦስት መጥፎ ዓመታት ይከተላሉ። ከዚያ በኋላ ገበሬው ምንም ሳያደርግ፣ ዝርያም ሳይለውጥ፣ በሽታው ይበርዳል፤ ምርቱም ይመለሳል። ፈንገሱ ግን ከአፈሩ አልጠፋም። አፈሩ አፍኖታል።

ምን እንዳፈነው ለማወቅ ግማሽ ምዕት ዓመት ፈጅቷል። ጀርመናዊው ሎሬንዝ ሂልትነር ገና በ1904 ከሥር ጋር ተጣብቆ ያለው አፈር ከሌላው የተለየ፣ ሕይወት የሞላበት ዓለም መሆኑን ተረድቶ የራሱን ስም አውጥቶለት ነበር። በ1931 ደግሞ በካናዳ፣ በአልበርታ፣ ሳንፎርድና ብሮድፉት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከአፈር ያወጧቸውን ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች ከጠራርጎ ፈንገስ ጋር በአንድ ዕቃ እያኖሩ ሞከሩ። ከእነዚያ ፍጡራን አንዳንዶቹ፣ ሌላው ቀርቶ ያደጉበት ፈሳሽ ብቻ ሲጨመር፣ የስንዴው ችግኝ ከበሽታው ዳነ። ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ካስተዋለ ሦስት ዓመት ቢሆነውም ገና መድኃኒት አልሆነም ነበር። በእኔ ግምት የካናዳው ሙከራ ከፔኒሲሊን ዝና በኋላ ቢሆን ኖሮ ስሙ ይገን ነበር። በዕቃ ውስጥ የሠራው ነገር በሜዳ ላይ እንዲሠራ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ሆነ። አፈር ባዶ ቤት አይደለም፤ ነዋሪው ብዙ ነው፤ ከውጭ የገባውን እንግዳ በቀላሉ አያስቀምጥም። ስለዚህ ተስፋው ለረጅም ጊዜ ቀዘቀዘ።

ተስፋው የተመለሰው ከባሕር በተወሰደ መሬት ላይ ነው። ሆላንዳውያን ባሕር ገድበው ውሃውን እየመጠጡ ያወጡት አዲስ መሬት ስንዴ አይቶ የማያውቅ አፈር ነበረው። ጌርላህ የተባለ ተመራማሪ በ1968 ባወጣው ሥራ፣ ጠራርጎ በዚህ አዲስ መሬት ላይ እንዴት እንደሚከፋና ስንዴው ሲደጋገም እንዴት እንደሚበርድ አሳየ። ይህን የመሰለ ንጹሕ ሙከራ ማንም አቅዶ ሊሠራው አይችልም፤ ታሪክ የሌለው አፈር በዓይን ፊት ታሪክ ሲያበጅ ማየት ነውና።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ወደምትገኘው ፑልማን ከተማ ይሻገራል። በዚያ የሚሠራው ጄምስ ኩክ ከሥራ ባልደረቦቹ ከሺፕተንና ከሲተን ጋር በ1973 ያሳተመው ጽሑፍ በአንድ ቀላል ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው። በሽታን የሚያፍነው ነገር ሕይወት ያለው ከሆነ፣ እርሾ ከአንድ ሊጥ ወደ ሌላው እንደሚተላለፍ ሁሉ እሱም ከአንዱ አፈር ወደ ሌላው መተላለፍ አለበት። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት ስንዴ ከተዘራበት ማሳ ትንሽ አፈር ወስደው በሽታ ከሚያጠቃው አፈር ጋር ቀላቀሉ፤ ማፈኑም ተላለፈ። ኋላ እንደተረጋገጠው፣ ከመቶ ከ1 እስከ 10 እጅ የሚሆን አፈር በቂ ነው። ኩክ ከአውስትራሊያዊው አልበርት ሮቪራ ጋር ሆኖ በ1976 ደግሞ ሌላውን ግማሽ አስረዳ። ያ አፋኝ አፈር በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለግማሽ ሰዓት ከሞቀ ኃይሉን ያጣል። ማዳበሪያ ወይም የአፈር ጨው ቢሆን በዚያ ሙቀት አይጠፋም ነበር። የሚጠፋው ነፍስ ያለው ነገር ነው፤ ከተጠርጣሪዎቹም ሁሉ ግንባር ቀደም ሆኖ የተገኘው ሱዶሞናስ የሚባለው የባክቴሪያ ወገን ነበር።

እነዚህ ባክቴሪያዎች ብረት በሌለበት ምግብ ላይ ሲያድጉና ለዓይን የማይታየው የሐምራዊ ማዶ ጨረር ሲበራባቸው ቢጫና አረንጓዴ የቀላቀለ ብርሃን ይሰጣሉ። የሚያበራው ንጥረ ነገር ብረትን ከአካባቢው የሚለቅም ነው። በ1980 በካሊፎርኒያ ክሎፐርና ባልደረቦቹ ምሥጢሩ ይኸው ነው አሉ፤ ባክቴሪያው ብረቱን ጠቅልሎ ስለሚወስድ ፈንገሱ በብረት ረኃብ ይዳከማል። የሚያምር ማብራሪያ ነበር፤ ለጊዜውም ብዙ ሰው አምኖበታል። የፑልማን ሰዎች ግን ሌላ ጠረጠሩ። ዴቪድ ዌለርና ኩክ በ1983 ከስንዴ ሥር የተለዩ ባክቴሪያዎችን በዘር ላይ ቀብተው በመዝራት ጠራርጎን በሜዳ ላይ መቀነስ እንደሚቻል አስታወቁ። ከእነዚህ መካከል «2-79» የሚል ቁጥር የተሰጠው፣ ሊንድ ከምትባል ደረቅ የስንዴ አገር የተገኘ ባክቴሪያ፣ ፌናዚን የተባለ ፈንገስ ገዳይ ንጥረ ነገር ይሠራል።

እዚህ ላይ ሊንዳ ቶማሾ የምትባል ተመራማሪ ወደ ታሪኩ ትገባለች። እሷና ዌለር በ1988 ያደረጉት ሙከራ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጥብኝ ነው። የባክቴሪያውን ፌናዚን የመሥሪያ ዘረመል ሰበሩት። በሌላው ነገር ሁሉ ያው የነበረው ባክቴሪያ ፌናዚን መሥራት ሲያቅተው ስንዴውን የመጠበቅ አቅሙ ቀነሰ። የተሰበረው ዘረመል ሲመለስለት ፌናዚኑም ጥበቃውም አብረው ተመለሱ። የብረቱ ማብራሪያ ለዚህ ባክቴሪያ ዋና ምክንያት አለመሆኑ በ1991 በተመሳሳይ ዘዴ ተረጋገጠ። ተጠራጣሪዎች ግን አንድ ጥያቄ ቀርቷቸው ነበር፤ በቤተ ሙከራ ዕቃ ውስጥ በምግብ ጠግቦ ፌናዚን የሚሠራ ባክቴሪያ በድሃ አፈር ውስጥም ይሠራል ወይ? በ1990 ቶማሾና ባልደረቦቿ በአፈር ከበቀለ ስንዴ ሥር ላይ ራሱን ፌናዚኑን አውጥተው አሳዩ። መጠኑ በአንድ ግራም ሥር ላይ በናኖግራም የሚለካ፣ ማለትም የግራም ቢሊዮንኛ ክፍሎች ነው፤ ለባክቴሪያ ግን ሥፍራው የራሱ የቅርብ ጎረቤት ስለሆነ ያ ትንሽ አይደለም።

ባክቴሪያው ይህን የሚያደርገው ለስንዴው አዝኖ እንዳልሆነ መቼም ግልጽ ነው። በ1992 የታተመ ሌላ ሥራ እንደሚያሳየው፣ ፌናዚን የማይሠራው ባክቴሪያ ከሌሎች የአፈር ነዋሪዎች ጋር ሲወዳደር በሥሩ ላይ ቶሎ ይመናመናል። መሣሪያው የራሱ መኖሪያ መከላከያ ነው። ስንዴው ሥሩ የሚያመነጨውን ስኳርና አሲድ ይመግበዋል፤ ሲታመም ደግሞ ከቁስሉ የሚፈሰው ይጨምራል። ስለዚህም በሽታው የበረታባቸው ዓመታት ባክቴሪያው የሚባዛባቸው ዓመታት ናቸው።

ሆኖም «2-79» ከአንድ ማሳ የተገኘ አንድ ባክቴሪያ እንጂ የአፋኝ አፈሮች ሁሉ ማብራሪያ አልነበረም። ያኛው የመጣው ከሌላ በኩል ነው። ሆላንዳዊው ዮስ ራይማከርስ ከዌለር ጋር በ1998 ባሳተመው ጥናት፣ በዋሽንግተን ግዛት ጠራርጎ በበረደባቸው ማሳዎች ስንዴ ላይ ሌላ ፈንገስ ገዳይ ንጥረ ነገር፣ ስሙን በአጭሩ «ዳፕግ» የሚሉትን፣ የሚሠሩ ሱዶሞናሶች በአንድ ግራም ሥር ከ100,000 በላይ ሆነው ተገኙ። በሽታ በሚያጠቃቸው ማሳዎች ግን ቁጥራቸው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነበር። አፈሩ ሲሞቅ እነሱ ይሞታሉ፤ ማፈኑም ይቀራል። እነሱን ብቻ መልሰው ሲጨምሩ ማፈኑ ይመለሳል። በ2003 ደግሞ በሆላንድ ማሳዎች ላይ በተደረገ ምርመራ ይህንኑ ንጥረ ነገር የሚሠሩ የሱዶሞናስ ዘመዶች ተገኙ፤ ጌርላህ የጀመረው ጥያቄ በአገሩ አፈር መልስ አገኘ ማለት ነው።

ይህን ያህል ከታወቀ በኋላ ባክቴሪያውን አሽጎ መሸጥ ቀላል ይመስላል። አልሆነም። ሱዶሞናስ እንደ ባሲለስ ድርቀትን የሚቋቋም ዘር መሰል አካል አይሠራም፤ በዘር ላይ ተቀብቶ መጋዘን ውስጥ ሲቀመጥ ይሞታል። በአንድ ማሳ የሠራው በሌላው አይሠራም፤ በአንድ ዓመት የሠራው በሚቀጥለው አይደገምም። በስዊድን ከ1997 ጀምሮ «ሴዶሞን» የተባለ፣ በዘይት የተዘጋጀ ባክቴሪያ ለገብስ ዘር መቀቢያነት ገበያ ላይ ውሏል፤ እሱም የሱዶሞናስ ወገን ነው። የሚከላከለው ግን ከዘር ጋር የሚተላለፉ የፈንገስ በሽታዎችን እንጂ ጠራርጎን አይደለም። ጠራርጎን በስፋት የገታው መድኃኒት እስካሁን በጠርሙስ አልመጣም፤ በዋሽንግተን ሰፊ የስንዴ ማሳዎች ላይ የሚሠራው ገበሬው ሳያውቀው ያረባው የገዛ አፈሩ ባክቴሪያ ነው። ኩክ በ2011 የዎልፍን የእርሻ ሽልማት ከተቀበሉት ሁለት ሰዎች አንዱ ለመሆን በቅቷል።

ይህን ታሪክ ያነበበ የአገራችን ሰው «እንግዲያማ ስንዴን በስንዴ ላይ መዝራት ምን ክፋት አለው?» ሊል ይችላል። እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ከመብረዱ በፊት ያሉትን ዓመታት አስቡ። ባንክና የሰብል መድን ያለው የአሜሪካ ገበሬ ሦስት መጥፎ ዓመታትን ሊሻገር ይችላል፤ ሁለት ጥማድ መሬት ያለው ሰው ግን በሁለተኛው ዓመት በሬውን ይሸጣል። በአርሲ በቁሉምሳ የምርምር ጣቢያ የተደረጉ የሰብል ማፈራረቅ ሙከራዎች እንዳሳዩት፣ ከባቄላ በኋላ የተዘራ ስንዴ በስንዴ ላይ ከተዘራው የተሻለ ምርት ይሰጣል። የአባቶቻችን ባቄላና አተር ማፈራረቅ ስለ ባክቴሪያ ምንም ሳያውቁ የተገኘ መልስ ነው፤ ከመጥፎዎቹ ዓመታት ሳያልፉ የሚያደርስ በመሆኑም ለደሃ የተሻለው መልስ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ከአባቶች ልማድ ሁሉ ግን እንዲህ የሚመሰገን አይደለም። በሸዋ ደጋማ ቦታዎች ገብስ ለመዝራት አፈሩን ከምሮ ማቃጠል የቆየ ልማድ ነበር። በ1978 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ማቃጠሉ ለሰብሉ ምግብ ቢለቅም የአፈሩን ጠባይ ይለውጣል። መሬቱም ከአንድ ሁለት አዝመራ በኋላ ለብዙ ዓመታት ጦም ያድራል። በ60 ዲግሪ ስለሚሞቱት ባክቴሪያዎች ካነበብኩ ወዲህ ያ የሚጤስ የአፈር ክምር ትዝ ሲለኝ እንደ ቀድሞው አይደለም የማየው።

ታሪኩ ወደ እኛ የተሻገረበት ትክክለኛ መንገድ ግን በማሽላ በኩል ነው። አቀንጭራ ፈንገስ አይደለም፤ በማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ ደሙን የሚመጥ አረም ነው። ይሁን እንጂ እንደ ጠራርጎ ሁሉ ገበሬው ሳያየው ከመሬት በታች የሚጀምር ጠላት ነው። ያው በፑልማን የሠራው ራይማከርስ ወደ ሆላንድ ከተመለሰ በኋላ፣ የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ተቋም የተሳተፈበት አንድ ትልቅ የምርምር ሥራ ተጀመረ። ዓላማው አቀንጭራን ሊያፍኑ የሚችሉ የአፈር ነዋሪዎችን መፈለግ ነው። በ2024 የወጣ አንድ ጥናት፣ አንዳንድ የአፈር ባክቴሪያዎች አቀንጭራው ለመጣበቅ የሚጠቀምበትን የሥር ንጥረ ነገር እንደሚያጠፉና የማሽላውን ሥር የውስጥ አሠራር ሳይቀር እንደሚለውጡ አሳይቷል። ከተመረመሩት መካከል ሱዶሞናስ አንዱ ነበር።

መጽሐፉ ከታተመ በኋላ አንድ ቅጂ ይዤ ወደእኒያ አባት ሄድኩ። «ጠቃሚ ተውሳክ» የሚለው ጠፍቶ በምትኩ «በሽታ አፋኝ አፈር» የሚል ርእስ መግባቱን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ቀስ ብለው አነበቡት። ከዚያ መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ «እሺ፣ ይኼስ ገባኝ» አሉ። «የእኔ ማሳ ከየትኛው እንደሆነ የሚነግረኝ ማነው?»